ከተማ የባህልና የስፖርት አገልግሎቱን በአደራ የሚሰጠው በጎ አድራጎት ድርጅት ምንድን ነው?

ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሙዚየሙ፣ የስፖርት ማዕከሉና የሠፈሩ ሜዳ የከተማው ሕዝብ ንብረት እንደሆኑ ይቆያሉ። በየቀኑ የሚከፍታቸው፣ ሠራተኛ የሚቀጥርላቸው፣ ትኬት የሚቆርጠውና የሚንከባከባቸው ግን ከከተማ አስተዳደሩ ውጭ የቆመ፣ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው። ሽያጭ አይደለም፤ ለባለሀብት ማከራየትም አይደለም። ትርፍ የሚከፋፈል ባለ አክሲዮን ስለሌለ የተረፈው ብር ወደዚያው አገልግሎት ይመለሳል።

በዚህ አሠራር ከሚታወቁት ከተሞች አንዷ የስኮትላንዷ ግላስጎው ናት። የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሙዚየሞቹን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የስፖርት ማዕከላቱን «ካልቸር ኤንድ ስፖርት ግላስጎው» ለተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት አስረከበ። ከ2010 ወዲህ ሕዝቡ የሚያውቀው «ግላስጎው ላይፍ» በሚለው ስሙ ነው። የሙዚየሞቹ ቅርሶች ዛሬም የከተማዋ ናቸው፤ እንደ ኬልቪንግሮቭ ያለው ትልቅ ሙዚየም መግቢያም ነጻ ነው። ምክር ቤቱ የድርጅቱ ብቸኛ አባል ቢሆንም፣ የስኮትላንድ የበጎ አድራጎት ሕግ (እ.ኤ.አ. 2005) ማንም የቦርድ አባል፣ የሾመው ማንም ይሁን ማን፣ የድርጅቱን ጥቅም እንዲያስቀድም ያስገድደዋል። ምክር ቤቱና ድርጅቱ በጥቅም ሲጋጩ የቦርድ አባሉ ግጭቱን ይፋ አድርጎ ከውሳኔው ይወጣል።

እዚያ ለአሠራሩ መስፋፋት ትልቅ ምክንያት የሆነው ግብር ነው። በጎ አድራጎት ድርጅት ከሚይዘው ሕንፃ የንብረት ግብር 80 በመቶው በሕግ ይቀርለታል። ይህ ግን የማያስተማምን መሠረት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የስኮትላንድን የግብር ሥርዓት የመረመረ ቡድን ምክር ቤቶች ላቋቋሟቸው ድርጅቶች ቅናሹ እንዲነሳ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ለግብር ሲባል ብቻ የተቋቋመ ድርጅት ቅናሹ በተነሳ ማግስት የመኖር ምክንያት አይኖረውም።

አሠራሩን ወደ እኛ አገር፣ ለምሳሌ ወደ ባሕር ዳር ብናመጣው ጥቅሙ ከሌላ በኩል ይመጣል፤ ከበጀት ዓመቱ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ከተማዋ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን ታገኛለች። አዲሱ በጀት ሲፈቀድ ቆርቆሮ የሚነቀልበት፣ አሸንዳ የሚቀየርበት፣ ሜዳ የሚደለደልበት ጊዜ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ግዥው እስኪያልቅ የበጋው ግማሽ ይሄዳል፤ ሥራ ላይ ያልዋለው ብር ሰኔ 30 ተመላሽ ይሆናል። ራሱን የቻለ ድርጅት ግን በግንቦት ያጠራቀመውን ለጥቅምት ማቆየት ይችላል። በር ላይ የተሰበሰበውም ወደ ከተማው ቋት ገብቶ አይቀላቀልም።

ለማሳያ ያህል ብቻ፦ አንድ ሜዳ በሳምንት 10 ሰዓት፣ በሰዓት 600 ብር ቢከራይ ሳምንቱ 6,000 ብር ያስገኛል። የክረምቱን 12 ሳምንት ቀንሰን በ40 ስናበዛው 240,000 ብር ይሆናል። ይህ ብር ቤተ መጻሕፍቱን እስከ ምሽት ክፍት ለሚያደርግ ሠራተኛ ሊውል ይችላል። አሠራሩ የቆመው በዚህ መደጋገፍ ላይ ነው፤ የሚያስገባው የማያስገባውን ይሸከማል። ስለዚህ ከተማው ሜዳውን ለብቻው ለሌላ አከራይቶ ቤተ መጻሕፍቱን ብቻ ቢያስረክብ ድርጅቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለማኝ ይሆናል።

መዋኛ ገንዳ ሲጨመር ሒሳቡ ይከብዳል። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ ለልጆች ዋና ማስተማሪያ ንጹሕ ገንዳ ያስፈልጋል፤ ይህን አጥብቀን እናምንበታለን። ግን 25 ሜትር በ12.5 ሜትር ሆኖ በአማካይ 1.5 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ ወደ 469 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ዋናተኛ ቢኖርም ባይኖርም ፓምፑ ይሠራል፣ ክሎሪኑ ይጨመራል። እንዲህ ያለ ወጪ ያለ ከተማው ዓመታዊ ክፍያ በትኬት ብቻ አይሸፈንም። «ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱን ይችላል» ተብሎ የተጻፈ ዕቅድ ካያችሁ ገንዳው የሚዘጋበት ዓመት የተጻፈ ያህል ቁጠሩት።

የግላስጎውን ቅርጽ እንዳለ መገልበጥ ግን አይቻልም። በእኛ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ማለት መንግሥታዊ ያልሆነ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚመሠርቱት ነው። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ ብቻውን መሥራችና ብቸኛ አባል ሊሆን አይችልም። መሥራቾቹ ነዋሪዎች ይሆናሉ፤ ከተማው ሥልጣኑን የሚያስጠብቀው በአባልነት ሳይሆን በኪራይና በአገልግሎት ውል ነው። አዋጁ ከፈቀዳቸው አደረጃጀቶች ለዚህ ሥራ የሚስማማው በቦርድ የሚመራው ድርጅት ነው፤ የበላይ አካሉ ቦርዱ ስለሆነ የአባላት ምርጫ በየጊዜው አያናውጠውም። ሥራው በአማራ ክልል ብቻ የሚወሰን ከሆነ ምዝገባው በክልሉ ሕግ ይታያል፤ ፎርም ከመሙላት በፊት ይህን መለየት ብዙ ምልልስ ይቀንሳል። በፌዴራሉ አዋጅ ገቢ ማስገኛ ንግድ መሥራት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በንግድና በግብር ሕግ መሠረት፣ በተለየ ሒሳብ። የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የውኃ ዋና አስተማሪውና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ደመወዝ የፕሮግራም ወጪ መሆኑን በጀቱ ላይ ከመነሻው ለይታችሁ ካልጻፋችሁ በኦዲት ጊዜ ክርክር ይነሳል።

ከሁሉም በላይ ጠብ የሚያመጣው ጣሪያ ነው። ውሉ «ጥገና የድርጅቱ ነው» ብሎ ካለፈ ድርጅቱ ኮርኒስ መቀባት ማለት ነው ብሎ ይረዳዋል፣ ከተማው ደግሞ ሙሉ ጣሪያ መቀየር ማለት ነው ብሎ። ግላስጎው ውስጥ የመርከብ ባለሀብቱን የዊልያም ቡሬልን የጥበብ ስብስብ የያዘው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1983 ተከፍቶ ጣሪያው ሲያፈስ ቆየ፤ በ2016 ለእድሳት ተዘግቶ የተከፈተው በ2022 ነው። ይህን የሚያህል ሥራ ከትኬት ገንዘብ አይወጣም። ስለዚህ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያና ዋናዎቹ የውኃና የመብራት መስመሮች በባለንብረቱ፤ አምፖል፣ ቧንቧ፣ ቁልፍ፣ ቀለምና የሜዳ ሣር በድርጅቱ ብሎ በዝርዝር መጻፍ ይሻላል። ከርክክቡ በፊት ሁለቱም ወገኖች አብረው እየዞሩ ስንጥቁን፣ የሚያፈሰውን ቦታና የጎደለውን ወንበር በፎቶ ይመዝግቡ። ይህ ዞሮ ማየት በክረምት ቢሆን ይመረጣል፤ በየካቲት የታየ ጣሪያ ሁሉ ደህና ይመስላል።

ቦርዱን በመምሪያ ኃላፊዎች መሙላትም የተለመደ ስህተት ነው። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ቦርዱ ይፈርሳል፤ አዳራሹም ለስብሰባ በነጻ ይወሰዳል። ከተማው ጥቂት መቀመጫ ይያዝ፤ ሌላውን የሒሳብ ባለሙያ፣ የሕግ ባለሙያ፣ የስፖርት መምህር፣ የሠፈር ወጣትና አካል ጉዳተኛ ተጠቃሚ ይያዙት። ለመንግሥት ስብሰባ አዳራሽ የሚሰጥበት ቀን ብዛትና ዋጋው ውሉ ላይ ይቀመጥ።

የውሉ ዘመን አጭር ከሆነ ድርጅቱ ወንበር እንኳ ለመግዛት ይፈራል፤ ከአምስት ዓመት ባያንስ ጥሩ ነው። የመለያያው አንቀጽም ያኔውኑ ይጻፍ፦ ማሳወቂያው ከአንድ የበጀት ዓመት ያላነሰ፣ ከተማው ያስረከበው ዕቃ በቆጠራ ዝርዝሩ መሠረት ወደ ከተማው የሚመለስ፣ ሠራተኞቹ ወደ ማን እንደሚሄዱና ያልተከፈለ የመብራት ሒሳብ የማን እንደሆነ በስም የሚለይ።