«ነፋስን መጎሰም»፦ ትርጉሙና መነሻው

«ነፋስን ይጎስማል» የሚባለው ብዙ እየለፋ ልፋቱ አንዳች ነገር ላይ ለማያርፍለት ሰው ነው። አነጋገሩ የተወሰደው ሐዋርያው ጳውሎስ ከኤፌሶን ሆኖ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ከጻፈው የመጀመሪያው መልእክት (9፥26) ነው፤ ሐዋርያው ይህን የተናገረው ግን ስለማንኛውም ከንቱ ድካም ሳይሆን ወንጌልን ለሌሎች ስለሚያደርስ ሰው የገዛ አኗኗር ነበር።

ምሳሌው ለቆሮንቶስ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ከከተማቸው ብዙም ሳይርቅ በየ2 ዓመቱ የግሪኮች የባሕር አምላክ ለነበረው ለፖሲዶን ክብር ታላቅ ውድድር ይካሄድ ነበር። ቡጢኞቹ እጃቸውን በቆዳ ጠፍር ጠምጥመው ይፋለማሉ፤ ዒላማውን የሳተ ምት የመቺውን ክንድ ከማዛሉም በላይ ገላውን ለባላጋራው ያጋልጣል። ወራት ሙሉ ከምግብና ከምቾት ተቆጥበው የሚለማመዱት ደግሞ በቅጠል ለተጎነጎነ አክሊል ነበርና፣ ጳውሎስ ከዚያው በፊት ያነሣው «የሚጠፋው አክሊል» የሚለው ቃል (9፥25) ሳይገባው የቀረ አንባቢ የነበረ አይመስለኝም።

ታዲያ የጳውሎስ ባላጋራ ማን ነው? «ለሌሎች ከሰበክሁ በኋላ ራሴ የተጣልሁ እንዳልሆን ሥጋዬን እየጎሰምሁ አስገዛዋለሁ» በማለት ራሱ ይመልሳል (9፥27)። ብዙ ጊዜ ይህ ቃል ሰውነትን ስለማስራብ ብቻ የተነገረ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ላነበበ ግን ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ጳውሎስ ወንጌልን የሚሰብክ መተዳደሪያውን ከወንጌል ሊያገኝ እንደሚገባው አስረድቶ ሲያበቃ፣ በዚህ መብት ሳይጠቀም የቀረው ለወንጌል እንቅፋት ላለመሆን እንደሆነ ይናገራል። በቆሮንቶስ 1 ዓመት ከ6 ወር ሲያስተምር ከባልና ሚስቱ ከአቂላና ከጵርስቅላ ቤት ተቀምጦ ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥1-11)። ከአይሁድ ጋር እንደ አይሁዳዊ፣ ከደካማው ጋር እንደ ደካማ የሆነውም ሰሚዎቹን ለማዳን ሲል ነው። እንግዲህ ሥጋን መጎሰም ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጾምና ከትጋት ጋር የሚገባንን ነገር ለሌላው መዳን ስንል መተውንም ይጨምራል፤ ይህኛው ደግሞ ከረሀብ ይልቅ ይከብዳል።

ስለዚህ አነጋገሩ የሚመለከተው ሰሚ ያጣውን ሰባኪ አይደለም። በትጋት ሰብኮ ሰሚ ያጣ ሰው ነፋስን ጎሰመ አይባልም፤ በአደባባይ ስለ ትዕግሥት እያስተማረ በቤቱ ቁጣውን ያልገታው ግን፣ ጉባኤው ቢሞላለትም ምቱ ባላጋራውን አላገኘውም። ጳውሎስም ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሁሉም አንድ መብል በልተውና አንድ መጠጥ ጠጥተው ሳለ የሚበዙት መውደቃቸውን ያነሣል (10፥1-5)።