የማላያላም አጫጭር ፊልሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የህንድ ፊልም ሁሉ ቦሊውድ ነው።»
ቦሊውድ የሚባለው ሙምባይ ላይ የሚሠራው የሂንዲ ፊልም ነው። ማላያላም በደቡብ ምዕራብ ህንድ የኬረላ ግዛት ቋንቋ ነው፤ የራሱ የፊልም ሥራም አለው።

«አጭር ፊልሙ የሚያሳየው የዕለት ኑሮ ስለሆነ ድርሰት አያስፈልገውም፤ ካሜራ መደገን ይበቃል።»
ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አሥር ደቂቃ መሸከም የሚችለው አንድ የሰው ጠባይ ብቻ ነው። ባል ሻይ ጠጥቶ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይነሳል እንበል። መጀመሪያ ሚስት ወዲያው ታነሳዋለች፤ በሁለተኛው ቀን ትዘገያለች፤ በሦስተኛው ብርጭቆው እዚያው ያድራል። ልማዱ አስቀድሞ በደንብ ካልታየ ሲሰበር ተመልካቹ አይሰማውም። ሴትዮዋ በመጀመሪያው ቀን «ሰለቸኝ» ካለች ደግሞ ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም። አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ ለአሥር ደቂቃ 15 ገጽ ከተጻፈ በኤዲቲንግ ቀድሞ የሚቆረጠው ዝምታው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ግን ዝምታው ዋናው ነገር ነው!

«ጥሩ ካሜራ ካለ ሌላው ቀላል ነው።»
ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፤ ንግግሩ ካልተሰማ ግን ይዘጋዋል። ኬረላ ውስጥ ክረምቱ ሰኔ ገደማ ሲገባ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ንግግር ይውጣል፤ ከበላይ የሚሽከረከረው ቬንትሌተርም እንዲሁ። ንግግር ሲቀረጽ ቬንትሌተሩ ይጥፋ፣ ድምፁ ለብቻው ይቀዳ። ከእያንዳንዱ ክፍል ሳይወጡም ሁሉም ዝም ብሎ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ መቅዳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ምስል በተቆረጠ ቁጥር ድምፁ ይዘላል። የህንድ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ካልሆነ አንዳንድ አምፖሎች ምስሉ ላይ ይርገበገባሉ።

«አጭር ፊልም መለማመጃ ብቻ ነው።»
እ.ኤ.አ. በ2009 የአሥር ዳይሬክተሮች አሥር አጫጭር ታሪኮች «ኬረላ ካፌ» በሚል ርዕስ ተጣምረው ሲኒማ ቤት ታይተዋል። የግዛቱ የፊልም ተቋም የሆነው የኬረላ ቻላቺትራ አካዳሚም በዋና ከተማው በቲሩቫናንታፑራም ለዘጋቢና ለአጫጭር ፊልሞች ብቻ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ያዘጋጃል።

«መጨረሻ ላይ ምክር ካልተነገረ መልእክት የለውም።»
የመጨረሻውን ንግግር ቆርጣችሁ፣ ስክሪፕቱን ላላነበበ ሰው አሳዩት። ምን እንደሆነ ከገባው ንግግሩ ይውጣ። ካልገባው ጉድለቱን ከሁለተኛው ቀን ትዕይንት ፈልጉት፤ ሴትዮዋ መዘግየቷ ሳይታይ ታልፎ ይሆናል።