የካፕስ ሎክ መብራት አለ፣ የኢንሰርት ለምን የለም?
ካፕስ ሎክ፣ ማለትም የላቲን ፊደላትን ትልልቅ የሚያደርገው ቁልፍ፣ በርቶ ወይም ጠፍቶ መሆኑን የሚይዘው ዊንዶውስ ራሱ ስለሆነ በሁሉም ፕሮግራም ላይ እኩል ይሠራል፤ ብዙ ኪቦርድም በመብራት ያሳየዋል። የኢንሰርት ቁልፍ ግን ሌላ ነው። አዲሱ ፊደል ከፊቱ ያለውን እየገፋ ይግባ ወይስ እየደመሰሰ ይተካው የሚለውን የሚወስነው የምንጽፍበት ፕሮግራም ነው። ኪቦርዱ ላይ መብራት ብትፈልጉ አታገኙም።

ወርድ ላይ ሁለቱንም ለማየት ከመስኮቱ ግርጌ ያለውን አግድም መስመር በማውሱ ቀኝ ጫኑና ከሚወጣው ዝርዝር ካፕስ ሎክንና ኦቨርታይፕን (እየደመሰሰ የሚተካውን አጻጻፍ) ምረጡ። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በላቲን ፊደል ድምፅ በሚሠሩ ኪቦርዶች ብዙውን ጊዜ ትንሹ ቲ «ት»፣ ትልቁ ቲ «ጥ» ነው፤ ካፕስ ሎክ ሳይታወቅ በርቶ ከቀረ ቃሉ ሌላ ሊሆን ይችላል።