የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የባትሪና የሞተር ቮልቴጅ ምርጫ በጅማ

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቮልቴጅ የሚመረጠው ባትሪው፣ ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ክፍል) እና ሞተሩ አንድ ላይ ታስበው ነው። በጅማ ጉዳዩ ይበልጥ የሚነሣው ስለ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሲወራ ቢሆንም፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የቤት መኪና ገዢዎችንም ይመለከታል።

ባለ 12 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪዎች በተከታታይ ሲቀጠሉ 4ቱ 48፣ 5ቱ 60፣ 6ቱ 72 ቮልት ይሰጣሉ። 3 ኪሎዋት የሚስብ ሞተር በ48 ቮልት 62.5 አምፔር ሲፈልግ በ72 ቮልት 42 አምፔር ገደማ ይበቃዋል፤ በገመድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በአምፔሩ ስኩዌር ልክ ስለሚጨምር፣ ገመዱ ሳይቀየር ብክነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ዳገት ሰው ጭኖ የሚሄድ ባጃጅ በዝግታ ሲወጣ ብዙ አምፔር ስለሚስብ፣ ላላ ብሎ የታሰረ የባትሪ ተርሚናል ካለ ቀድሞ የሚግለው እሱ ነው።

ሆኖም ቮልት መጨመር ብቻውን ጉልበት አይሰጥም። የሞተሩ ፍጥነት ቮልቴጁን፣ የመጎተት ጉልበቱ ደግሞ አምፔሩን ይከተላል። በ60 ቮልት ባጃጅ ላይ ስድስተኛ ባትሪ ቢቀጠል ሜዳ ላይ ፍጥነቱ በአምስተኛ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ ነገር ግን 6 ባትሪዎች ቻርጅ ላይ ሳሉ እስከ 88 ቮልት ስለሚደርሱ ለዚያ ያልተሠራ ኮንትሮለር ይቃጠላል።

በተከታታይ ቅጥያ አንዱ ባትሪ ሲደክም ሁሉም ይደክማሉ፤ አዲሱን ከአሮጌ ጋር ማቀላቀልም የማይመከረው ለዚህ ነው። የደከመውን ለመለየት ተሽከርካሪው ቆሞ ሳለ መለካት ብዙም አይረዳም፤ ሞተሩ ጭነት ላይ ሳለ እያንዳንዱ በቴስተር ሲለካ ከ10.5 ቮልት በታች የሚወርደው ጥፋተኛው ነው። በሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ስለሆነ 16 ሴሎች 51.2፣ 24 ሴሎች 76.8 ቮልት ይሆናሉ።

አውቶሞቢሎች በአብዛኛው በ400 ቮልት አካባቢ፣ አንዳንዶቹም በ800 ቮልት ይሠራሉ፤ የቤቱን 220 ቮልት ለባትሪው የሚያመቻቸው መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር በመሆኑ ልዩነቱ ቤት ውስጥ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው እምብዛም አይታወቅም። በዓለም አቀፍ ደንብ ከ60 ቮልት በላይ የሆነ ቀጥተኛ ጅረት (ከባትሪ የሚገኘው ዲሲ) እንደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይቆጠራል፤ የመኪኖቹ ብርቱካናማ ገመዶችም ይህንኑ ያመለክታሉ። ባለ 72 ቮልት ባጃጅም ከዚህ ወሰን ያልፋልና መካኒኩ ተርሚናል ከመፍታቱ በፊት ዋናውን ፊውዝ መንቀል ይኖርበታል።