ሚስ ሉ፦ ጃማይካን በገዛ አፏ ያናገረች ገጣሚ

ጃማይካ ሲባል እኛ ዘንድ ቶሎ የሚነሱት ቦብ ማርሌይ፣ ሬጌና ሻሸመኔ ናቸው። ደሴቲቱ ላይ ላደገ ሰው ግን ከቦብም በፊት አንዲት ሴት አለች። ስሟ ሉዊዝ ቤኔት ነው፤ አገሬው የሚያውቃት “ሚስ ሉ” እያለ ነው። ገጣሚ፣ ተዋናይ፣ ተረት ነጋሪ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰው ነበረች። ሰው ቤቱ ሲያወራው ውሎ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚያፍርበትን ቋንቋ ወደ መድረክና ወደ መጽሐፍ ያወጣችው እሷ ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቋንቋው ፓትዋ ይባላል። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች የጌቶቻቸውን እንግሊዝኛ ከየራሳቸው ቋንቋ ጋር ሲያዋህዱ የተወለደ ነው። አብዛኛው ቃል ከእንግሊዝኛ ቢመጣም ሰዋስውና ዜማው የራሱ ነው። አንዳንዱ ቃል ደግሞ በቀጥታ አፍሪካዊ ነው። ለምሳሌ “ኡኑ” ማለት “እናንተ” ማለት ነው፤ የናይጄሪያ ኢግቦዎችም እንዲሁ ይላሉ። የዛሬው እንግሊዝኛ “አንተ”ንም “አንቺ”ንም “እናንተ”ንም በአንድ ቃል ሲያጨናንቅ፣ ፓትዋ ቢያንስ አንዱንና ብዙውን እንደ አማርኛው ለይቶ ይጠራል። እንግዲህ ይህን ነበር “የተሰበረ እንግሊዝኛ” እያሉ የሚንቁት።

ሉዊዝ ሲሞን ቤኔት ሴፕቴምበር 7 ቀን 1919 ኪንግስተን ውስጥ ተወለደች። አባቷ ስፓኒሽ ታውን በምትባለው ከተማ ዳቦ ቤት ነበራቸው፤ እሷ 7 ዓመቷ ሳለች ሞቱ። ያሳደጓት እናቷና አያቷ ናቸው። እናቷ ኬሪን ሮቢንሰን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የሀብታሙም የድሃውም ሚስት ትመጣለች፣ ልኳን እስክትሰጥ ያልተወራ ወሬ አይቀርም። ሉዊዝ እግራቸው ሥር ሆና ሁሉንም ትሰማለች። እናቷ ዓሣ ሻጯንም፣ ግቢ የምታጸዳዋንም፣ አስተማሪዋንም እኩል “እመቤት” ብለው ይጠሩ እንደነበር ኋላ ላይ ተናግራለች። ግጥሞቿ ውስጥ ያሉት ሴቶች ከየት እንደመጡ ለመረዳት ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ትምህርት ቤት የምትማረው፣ እንደ ማንኛውም የቅኝ ግዛት ልጅ፣ የእንግሊዝን ግጥም ነበር። እሷም መጀመሪያ የጻፈችው በ“ደህናው” እንግሊዝኛ ነው። ነገሩን የቀየረው አንድ የትራም ጉዞ ሆነ። 14 ዓመቷ ገደማ ነበር። ሽክ ብላ ለብሳ ኪንግስተን ውስጥ ትራም ተሳፈረች። የትራሙ ኋለኛ ክፍል በዚያን ጊዜ ቅርጫት የያዙ የገበያ ሴቶች የሚቀመጡበት ነው። አንዷ ሴት አየቻትና ለጓደኛዋ በፓትዋ ተናገረች። “ተዘርግተሽ ተቀመጪ እንጂ፤ አንዲት ዘናጭ ያቺን ትንሽ ቦታ አይታ እየመጣች ነው” የሚል ነገር ነው። ሴቶቹ ሽርጣቸውን ዘርግተው ወንበሩን ሞሉት። ልጅቷ ቦታ አጣች፤ ግጥም ግን አገኘች። ያንኑ ንግግር ይዛ ቤቷ ገባችና የመጀመሪያውን የፓትዋ ግጥሟን ጻፈች።

በ1938 ኤሪክ ኮቨርሊ የተባለ የመድረክ ሰው የገና ዝግጅቱ ላይ ግጥም እንድታቀርብ ጋበዛት። ይኸው ሰው ከ16 ዓመት በኋላ ባሏ ሆነ። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1942 ታተመ። ከ1943 ጀምሮ ደግሞ ግጥሟ እሑድ እሑድ በግሊነር ጋዜጣ ላይ ይወጣ ጀመር። ሕዝቡ ወደዳት። የተማረው ክፍል ግን ፊቱን አጨማደደ። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ሳለች ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው “እናትሽ ትምህርት ቤት የላከችሽ ለዚህ ነው?” ብሎ ጮኸባት። የሚያስቀው፣ ሰውዬው ይህን የጠየቃት በዚያው በፓትዋ ነው።

በ1945 የብሪትሽ ካውንስል ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ለንደን ሄደች። የገባችው ስመ ጥር የሆነው የሮያል አካዳሚ የድራማ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የተማረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ እሷ እንደሆነች ይነገራል። በዚያው ዘመን ቢቢሲ ላይ ለካሪቢያን አድማጮች ፕሮግራም ታቀርብ ነበር። የእንግሊዝ የቲያትር ቡድኖች ውስጥም ሠርታለች። ከዚያ ኒው ዮርክ ገባች፤ በ1954 ከኮቨርሊ ጋር እዚያው ተጋቡ። በዚያው ዓመት የጃማይካ ባህላዊ ዘፈኖችን በሸክላ አስቀዳች። ሃሪ ቤላፎንቴ በ1956 ዓለምን ያዳረሰበት የሙዝ ጫኞች ዘፈን እሷ ቀድማ ካስቀዳቻቸው አንዱ ነው። በ1955 አገሯ ተመለሰች።

አሁን ወደ ግጥሞቹ እንምጣ። አሠራራቸው ቀላል ይመስላል። ባለ አራት ስንኝ አንቀጽ ነው፤ ሁለተኛውና አራተኛው ስንኝ ቤት ይመታል። የሚናገረው ግን ገጣሚዋ ራሷ አይደለችም። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ታወራለች፣ ታማለች፣ ታማርራለች። አንባቢው ወሬውን በመስኮት እንደሚሰማ ሰው ነው። ተናጋሪዋ አንዳንዴ ብልህ ናት፣ አንዳንዴ ሞኝ ናት፣ አንዳንዴ ሌላውን እሳለቃለሁ ብላ ራሷን ታጋልጣለች። ላይ ላዩን ሳቅ ነው። ሰሙን ገፈፍ ስታደርጉት ግን ወርቁ መራራ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ከሁሉ የምወደው “የተገለበጠ ቅኝ ግዛት” ልንለው የምንችለውን ነው። ከ1948 በኋላ ጃማይካውያን ሥራ ፍለጋ በገፍ ወደ እንግሊዝ መሰደድ ጀመሩ። ግጥሟ ውስጥ ያለችው ሴት ለሚስ ማቲ ደስታዋን ትነግራታለች። ሰዎቻችን በመርከብና በአውሮፕላን እየጎረፉ እንግሊዝን በተራቸው ቅኝ ሊገዙ ሄዱ ትላለች፤ ታሪክ ተገለባበጠ ብላ ትደነቃለች። መሐል ላይ አንዲት ጄን የምትባል ስደተኛ አለች። የሥራ አጥ አበል እየተቀበለች፣ ተጋድማ የፍቅር ልብ ወለድ ታነባለች። መጨረሻ ላይ ተናጋሪዋ ስለ እንግሊዞች ታስባለች። ጦርነቱን ሁሉ ችለውታል፣ ይህን ግን እንዴት ይችሉት ይሆን? ልብ ካላችሁ ማንም አልተረፈም። እንግሊዝም ተነካች፣ ጄንም ተነካች።

ሌላው ግጥም ውስጥ አንድ ቻርሊ የሚባል ሰው ፓትዋን እገድላለሁ ብሎ ተነስቷል። ተናጋሪዋ በትሕትና ትጠይቀዋለች። የምትገድለው የኛን ብቻ ነው ወይስ የእንግሊዞቹንም ዘዬ ጭምር? ዮርክሻየርን፣ ኮክኒን፣ የስኮትላንዱንና የአየርላንዱንስ? እንግዲያውስ ከትልቁ የእንግሊዝኛ ግጥም መድበል ቻውሰርን ቅደድ፣ በርንስን ቅደድ፣ ከሼክስፒርም ብዙ ገጽ ቅደድ። መዝጊያዋ ላይ ታስጠነቅቀዋለች። የእንግሊዝ መጽሐፍ ስታነብ ተጠንቀቅ፤ አንዲት “ሀ” ካመለጠችህ ራስህን መግደልህ ነው። ይህንኑ ክርክር ኋላ ላይ በሬዲዮ፣ እትዬ ሮቺ በምትባል በፈጠረቻት ገጸ ባሕርይ አፍ አምጥታዋለች። እንግሊዝኛ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ ሲወስድ “ተወለደ” ይባላል፣ የኛ ከእንግሊዝኛ ሲወስድ ለምን “ተበላሸ” ይባላል ትላለች እትዬ ሮቺ። የቋንቋ ምሁራን በወፍራም መጽሐፍ የሚሉትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ስደትን የነካችበት አንድ ሌላ ግጥም ደግሞ ዋሽንግተንና ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይስቅበታል። አንዲት እናት ልጇ 6 ወር አሜሪካ ቆይቶ ሲመለስ በኀፍረት ልትሞት ነው። ምን ቢያጠፋ ነው? ትንሽ እንኳ የፈረንጅ አነጋገር ይዞ አልመጣም! እኅቱ እዚያው ጃማይካ ለአንድ አሜሪካዊ አንድ ሳምንት ሠርታ ማንም እንዳይገባው አድርጋ ታወራለች፣ እሱ ግን ባዶ አፉን መጣ።

እኛን በቀጥታ የሚነካውን ላንሳ። የጃማይካ ራስተፈሪያን ዓይናቸው ወደ ኢትዮጵያ ነበር፤ ወደ አፍሪካ መመለስ ትልቅ ጥሪ ነው። ሚስ ሉ በዚህ ላይም ቀልዳለች። አንድ ግጥሟ ውስጥ ሚስ ማቲ ወደ አፍሪካ ልመለስ ስትል፣ ጎረቤቷ ሁሉም ሰው ቅድመ አያቱ ወደመጣበት ቢመለስ ምን ዓይነት ትርምስ እንደሚሆን ትዘረዝርላታለች። ለእንጀራ ከሆነ ሂጂ፣ አገሬን ፍለጋ ነው እንዳትዪ ግን፤ አገርሽ ይኸው የቆምሽበት ነው ትላታለች። ይህን አንብበው ሚስ ሉ አፍሪካን ትንቃለች የሚሉ ነበሩ። እኔ አይመስለኝም። ዕድሜዋን ሙሉ የነገረችው አናንሲ የሚባለው ብልጣብልጥ ሸረሪት የጋና አካኖች ተረት ነው። አፍሪካን ሩቅ አገር አድርጋ አላየቻትም፤ አፏ ውስጥ ነበረች። የሚገርመው አጋጣሚ፣ ዋናው የግጥም መጽሐፏ “ጃማይካ ላብሪሽ” የታተመው በ1966 ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 21 ቀን ነበር አፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ያረፉት። “ላብሪሽ” ማለት ወሬ፣ ሐሜት ማለት ነው።

ግጥሟን ያላነበበም ቢሆን መድረክ ላይ ያያት ብዙ ነው። በየዓመቱ ከገና ማግስት የሚጀምር ፓንቶማይም የሚባል የሙዚቃ ቲያትር ነበር፤ ከእንግሊዝ የመጣ ልማድ ነው። እሷ፣ ኖኤል ቫዝና ሌሎች ተውኔቱን አናንሲንና ፓትዋን አስገብተው ጃማይካዊ አደረጉት። ከኮሜዲያኑ ራኒ ዊሊያምስ ጋር የነበራት ጥምረት እስከ ዛሬ ይወራል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1982 ሬዲዮ ላይ “የሚስ ሉ እይታ” የሚባል ፕሮግራም ነበራት። ከ1970 እስከ 1982 ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት “ሪንግ ዲንግ” የሚባል የልጆች ፕሮግራም በቴሌቪዥን መራች። ልጆች ይዘፍናሉ፣ ይተርታሉ፣ ሁሉም በፓትዋ ነው። በአባባ ተስፋዬ ተረት ያደገ ሰው ሚስ ሉ ለዚያ ትውልድ ምን እንደሆነች አይጠፋውም። ቀይ ዥንጉርጉር የባንዳና ጨርቅ ቀሚሷንና ጥምጣሟን አድርጋ ስትስቅ ቤቱ ሁሉ ይሞቃል። ስትሰናበት “በደህና ተራመዱ” እንደማለት ያለ ምርቃት ነበራት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ገጣሚ አልተባለችም። ኮሜዲያን ነበር የሚሏት። በ1962 ለነፃነት በዓሉ የተዘጋጀ የጃማይካ ሥነ ጽሑፍ መድበል እሷን ከገጣሚዎቹ ጋር አላሰለፋትም፤ መጨረሻ ላይ “ልዩ ልዩ” የሚል ክፍል ውስጥ ነው የከተታት። ገጣሚና ሐያሲው መርቪን ሞሪስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሉዊዝ ቤኔት በቁም ነገር ትነበብ ብሎ ጽፎ ተከራከረ። “ጃማይካ ላብሪሽ”ን በመግቢያ ያስተዋወቀው ምሁሩ ሬክስ ኔትልፎርድ ነው። በ1982 ሞሪስ ራሱ የተመረጡ ግጥሞቿን አሰናድቶ አወጣ። ከሷ በኋላ የመጡት እነ ሊንተን ክዌሲ ጆንሰን፣ ሙታባሩካና ጂን ቢንታ ብሪዝ በፓትዋ ሲጽፉ መንገዱ ተጠርጎ ነው ያገኙት።

ሽልማቱ ብዙ ነው፤ በ1974 የጃማይካ ኒሻን፣ በ1983 ከዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት፣ በ2001 ከአገሪቱ ከፍተኛ ክብሮች አንዱ የሆነው የሜሪት ኒሻን። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ከባሏ ጋር ወደ ካናዳ ሄዳ ቶሮንቶ ኖረች። ኮቨርሊ በ2002 ሞተ። እሷ ጁላይ 26 ቀን 2006 አረፈች። አስከሬኗ ወደ ኪንግስተን ተወስዶ በብሔራዊ ጀግኖች መናፈሻ ተቀበረ።

በ2012 አዲስ ኪዳን ሙሉውን በፓትዋ ታተመ። የአገሪቱ የመንግሥት ቋንቋ እስካሁን እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ብዙ ዓመት በኖረችባት ጎርደን ታውን የምትባል ኮረብታማ መንደር አደባባይ ላይ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2018፣ በልደቷ ቀን፣ ሐውልቷ ተመረቀ። የለበሰችው ያንኑ የባንዳና ቀሚስ ነው።