«ተርኒቲን ካለፈ ችግር የለውም»፦ ስለ ምርምር ሥነ ምግባር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ ባለበት ሁሉ ስለ ምርምር ሥነ ምግባር የሚወራ ነገር አይጠፋም። አንዳንዱን ከአድቫይዘር ሰምተውት ነው፣ አንዳንዱን ቀድሞ ከተመረቀ ጓደኛ። ብዙው ግን የተሳሳተ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሥነ ምግባር ከቤት ነው የሚመጣው፤ ትልቅ ሰው አይሠለጥንበትም»

ጨዋነት ብቻውን የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ከሌሎቹ በጣም የራቀ አንድ ቁጥር ቢመጣ ይውጣ ወይስ ይቆይ? አምስት ዓይነት ትንተና ሠርታችሁ አንዱ ብቻ ፒ-ቫልዩውን (ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ መሆን አለመሆኑን ለመመዘን የሚያገለግለውን ቁጥር) ከተለመደው ወሰን ከ0.05 በታች ቢያወርደው፣ ስለ ቀሩት አራቱ ትጽፋላችሁ ወይስ ዝም ትላላችሁ? ይህን ማንም ቤተሰብ አያስተምርም። በ2005 በወጣ አንድ ጥናት፣ በአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የሚሠሩ ከ3,000 በላይ ሳይንቲስቶች ስማቸው ሳይጠቀስ ተጠይቀው ነበር። ከሦስቱ አንዱ ገደማ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከከባድ ጥሰቶች ቢያንስ አንዱን መፈጸሙን አምኗል። ሁሉም ሌቦች ናቸው ብዬ አላምንም። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቹ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ብለው የለመዱ ናቸው።

«ተርኒቲን ካለፈ አለቀ»

ተርኒቲን አንድ ጽሑፍ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር መመሳሰሉን የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። ይህ አመለካከት እኛ ጋ ሥር ሰድዷል። ከባድ ጥፋት ተብለው የሚታወቁት ሦስት ናቸው፦ ዳታ መፍጠር፣ ዳታ ማጣመም እና የሰው ሥራ መስረቅ። ተርኒቲን የሚያየው ሦስተኛውን ነው፤ እሱንም በከፊል። ከራስ አውጥቶ የተሞላ መጠይቅ ከማንም ጋር አይመሳሰልም። ማን ጽፎት ያውቃልና!

ዳታ ሰብሳቢው ገጠር ይወርዳል። ቤቶቹ ይራራቁበታል፣ ፀሐዩ ይበረታል። ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ መጠይቁን ራሱ ይሞላዋል። ቁጥሩ ግን ያሳብቅበታል። ገጠር ውስጥ ዕድሜ ስትጠይቁ ብዙ ሰው በግምት 30፣ 35፣ 40 ይላችኋል። ስለዚህ እውነተኛ ዳታ ላይ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ይበዛሉ። 27፣ 33፣ 41፣ 38 እያለ ተስተካክሎ የተበተነ፣ የጸዳ ዳታ ሲመጣ እኔ እጠራጠራለሁ። ሰዓቱም ይናገራል። 40 ደቂቃ የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ተሞልቶ ከመጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ታብሌት ላይ በኮቦ (ዳታ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ነው) ከተሞላ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ራሱ ይመዘገባል።

ታዲያ ጥፋቱ የዳታ ሰብሳቢው ብቻ ነው? በቀን የማይደረስ ኮታ የሰጠውና አበሉን የቆራረጠው ተመራማሪም አለበት። ወጣት ተመራማሪዎች ይህንንም መማር አለባቸው፦ ሊሠራ የሚችል ዕቅድ ማውጣት፣ ከተሞሉት ጥቂቱን በዕጣ መርጦ ቤት ድረስ ሄዶ ማጣራት።

«የኢቲክስ ኮሚቴው ፈቅዷል፣ ሰውየው ፈርሟል፤ ከዚህ በላይ ምን አለ?»

ወላይታን እናንሳ። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እዚያ ብዙ ሰው ያጠቃል። አንዱን ይዞ ጎረቤቱን የሚተወው ለምንድን ነው የሚለውን ለመመለስ የዘረመል ጥናት ታሰበ። ተመራማሪዎቹ የፈቃደኝነት ቅጹን አባዝተው በቀጥታ ወደ ማስፈረም አልሄዱም። መጀመሪያ ነዋሪውን አነጋገሩ። ሰው ይፈራ የነበረው ደም መስጠቱን ብቻ አልነበረም። ጥናቱ «በዘር ይተላለፋል» የሚለውን ወሬ አጠናክሮ መገለሉን እንዳያብሰው ሰግቷል። የሚያምነው ደግሞ ሲያክመው የኖረውን የአካባቢ ድርጅት ነበር። ስለዚህ አገላለጹም፣ የሚያስረዳውም ሰው ይህ ከግምት ገብቶ ተወሰነ። ሥራው በ2009 ታትሟል፤ እንዲህ ያለ ቅድመ ዳሰሳ ዛሬም ከሥልጠናዎቻችን ይጎድላል ባይ ነኝ።

ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው «ይፈርሙ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። እኛ አገር «እሺ» በይሉኝታም ይባላል። «ገባዎት?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አዎ፣ ገባኝ» ነው፤ ባይገባም። «እስቲ እኔ ያልኩትን በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» በሉ። ያኔ «ነጻ ሕክምና ልትሰጡኝ ነው አይደል?» የሚል መልስ ይመጣል፤ እንደገና ከሀ ትጀምራላችሁ። መጻፍ ለማይችል ሰው ደግሞ አሻራ ብቻ አይበቃም፤ ከጥናቱ ውጭ የሆነ፣ ማብራሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማ ምስክር ያስፈልጋል።

«ስህተቴን ካመንኩ ስሜ ጠፋ»

በ2006 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስክሪፕስ የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ጄፍሪ ቻንግ አምስት የምርምር ጽሑፎቹን ራሱ ሰረዘ። ምክንያቱ ከሌላ ላብራቶሪ የወረሰው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ ሁለት የዳታ ዓምዶችን ስላቀያየረ የፕሮቲኑ ቅርጽ ተገልብጦ ወጣ። የሲውዘርላንድ ተመራማሪዎች የተለየ ውጤት ሲያወጡ ነው የነቃው። ከባድ ስህተት ነው፤ ማጭበርበር ግን አይደለም። ቻንግም ከሳይንስ አልተባረረም። በ2018 በኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘችው ፍራንሲስ አርኖልድም ከቡድኗ ጋር በ2019 ያወጣችውን ጽሑፍ በ2020 መጀመሪያ ላይ ሰርዛለች። ውጤቱ ሊደገም አልቻለም፤ ማስታወሻ ደብተሩ ሲታይ የቁልፍ ሙከራዎች መዝገብና ጥሬ ዳታ ጎደለ። በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሥራውን በሚገባ እንዳልተከታተለችም ተናገረች። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ደብተሩ ላይ ግን ልብ በሉ፦ በየቀኑ፣ በዕለቱ የሚጻፍ ነው። ለዲፌንስ ሲቃረብ ተሰብስቦ የሚሞላ አይደለም።

«የአለቃን ስም ማስገባት አክብሮት ነው»

«ዶክተር፣ ስምዎን ላስገባ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ስህተት ነው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፦ በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ በጽሑፉ ላይ መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ገንዘብ ማምጣት ብቻውን አያስገባም፤ አለቃ መሆንም እንደዚያው። ለእነሱ የምስጋና ገጽ አለ።

«የሥነ ምግባር ሥልጠና ሰርተፊኬቴን ኦንላይን ጨርሻለሁ»

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ2009 ባወጡት መመሪያ፣ በእነሱ ገንዘብ የሚሠለጥን ሰው ቢያንስ 8 ሰዓት እንዲማር፣ በየሙያ ደረጃው ቢያንስ አንዴ፣ ከአራት ዓመትም ሳይዘገይ እንዲደግመው ይጠይቃል። ኦንላይን ብቻውን በቂ እንዳልሆነም በግልጽ ይናገራል። «ቀጥል፣ ቀጥል» እያሉ ተጭኖ የተገኘ ሰርተፊኬት ለፋይል ነው። ትምህርቱ ያለው በእውነተኛ ጉዳይ ላይ ከአድቫይዘር ጋር ስትከራከሩ ነው።

«ጀማሪ ምን አቅም አለው?»

በ2011 ሆላንድ ውስጥ በቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ ዝነኛ የነበረው ፕሮፌሰር ዲዴሪክ ስታፕል ዳታ እየፈጠረ መኖሩን ያጋለጡት ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። ለወራት ማስረጃ ሲያሰባስቡ ቆይተው ለክፍሉ ኃላፊ ነገሩ። በኋላ ከ50 በላይ ጽሑፎቹ ተሰረዙ። የሚገርመው፣ ብዙ የዶክትሬት ተማሪዎቹ ያለቀ ዳታ ከእሱ እጅ ተቀብለው ነበር የሚሠሩት፤ የተጠኑትን ሰዎች አይተዋቸው አያውቁም።

ሁልጊዜ እንዲህ አያልቅም። በዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሕክምና ተማሪ በ2008 በሚሠራበት ላብራቶሪ የካንሰር ጥናት ላይ ያለውን ችግር ጽፎ አሳወቀ። በዚያ ጥናት ላይ የተመሠረቱት የሕሙማን ሙከራዎች እስከ 2010 በዘላቂነት አልቆሙም። እሱ ስሙን ከጽሑፎቹ አስወጥቶ ሌላ ላብራቶሪ ገባ፤ ዓመቱን እንደገና ጀመረ። ጥፋትን ማጋለጥ ዋጋ አያስከፍልም ብሎ የሚያሠለጥን ሰው ተማሪውን እያታለለ ነው።

ስለዚህ ሲጠረጠር በክስ አይጀመርም። «ዶክተር፣ ጥሬ ዳታውን ማየት እችላለሁ? ማን ነው የሰበሰበው?» ይባላል። መልሱ ከነቀኑ ይመዘገባል፤ የራስ ፋይሎች ቅጂም ከቢሮ ኮምፒውተር ውጭ ይቀመጣል። መልሱ ካላጠገበ ደግሞ ብቻ ከመሄድ ያንኑ ያየ ጓደኛ ይዞ ወደ ክፍል ኃላፊው ወይም ወደ ኢቲክስ ኮሚቴው መሄድ ይሻላል።