ዘይት ላይ የሚጨመረው አዲቲቭ ምን ይሠራል?

እዚህ ጅማ ባለ አሮጌ መኪኖች ስንገናኝ «አዲቲቭ ልጨምርበት ወይ?» የምትለው ጥያቄ አትቀርም። መጀመሪያ ይህን እንያዝ፦ የምትገዙት የሞተር ዘይት ራሱ አዲቲቭ፣ ማለትም የዘይቱን ሥራ የሚያግዝ ቅመም፣ አለበት። ቆሻሻ የሚያጥበው፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚከላከለው፣ አረፋ የሚከለክለው፤ ሁሉም ፋብሪካ ውስጥ ተመጥኖ ገብቷል። በጠርሙስ ለብቻው የሚሸጠው በዚያ ላይ ተጨማሪ ነው።

«ጭስ ያቆማል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ዘይቱን የሚያወፍር ነው። የአጎቴ አሮጌ ኮሮላ የጊቤን ዳገት ስትወጣ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ነበር። አንድ ጠርሙስ ጨመሩ፤ ጭሱ ቀነሰ፣ አጎቴም ፎከሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ የዘይት መለኪያ ዘንጓን መዝዘው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ መልሰው ሲያዩ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ወርዷል። ለካ የፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ዘይት ወደ ላይ አልፎ እንዳይቃጠል የሚይዘው የብረት ቀለበት፣ ተበልቷል። የተበላ ብረት ደግሞ በፈሳሽ ተመልሶ አይበቅልም፤ ይሄ እርግጥ ነው።

እንደ መኪናው የሚለያየው የጎሚኒው፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ማሸጊያ፣ ነገር ነው። የደረቀ ጎሚኒ የሚያለሰልስ አዲቲቭ ትንሽ ማንጠባጠብ ሊያቆም ይችላል፤ የተሰነጠቀውን ግን አያድነውም። እኔ ብሆን ብሩን ዘይት በጊዜው ለመቀየር አውለው ነበር። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ጠርሙሱን ከመግዛታችሁ በፊት መካኒኩ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ይለካላችሁ።